የጎረቤቴ ልጅ የሠራችው ሰርተፍኬት

ጎረቤቴ ጠላቴ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ያለውን ያነበበ ሰው ድሮ ደም የተቃባን እንዳይመስለው ነው። ማሳችን ጎን ለጎን ነው፣ ውሃ የምንጠጣው ከአንድ ቦይ ነው፣ እናቱ ስትሞት ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ጠላቴ አይደለም፤ የምቀናበት ሰው ነው።

ለምን እንደምቀናበት ቆቦ ላይ የሚያውቀን ሁሉ ያውቃል። ማሽላው ከኔ ማሽላ ቀድሞ ያሽታል። ደመናው ከዞብል ተራራ ሲወርድ እሱ ማሳ ላይ ያለውን ሁሉ ያወርድና እኔ ጋ ሲደርስ ካፊያ ይሆናል። እሱ በሬ ሲገዛ በሬው ሠራተኛ ነው፤ እኔ ስገዛ ተኝቶ የሚያመነዥክ። በዕድሜ ብዙም አልበልጠውም፣ ግን የኔ ጠጉር እንደ ጥጥ ሲነጣ የሱ አሁንም ጥቁር ነው። ቀለም ይቀባ እንደሆነ ብዬ ሚስቱን ሳይቀር በዘዴ ጠይቄያለሁ። አይቀባም።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። በልጅ ሲመጣብኝ ግን አልቻልኩም።

የሱም ሴት ልጅ አለችው፣ የኔም አለች። አብረው አደጉ፣ አብረው ወልድያ ወርደው ኮሌጅ ገቡ፣ ኮምፒውተር ተማሩ። አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ አልጋ ላይ ተኙ። የተመረቁትም በአንድ ቀን ነው፤ ፎቶው ላይ ጥቁሩን ልብስ ለብሰው ተቃቅፈው ሲታዩ የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች ለመለየት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ በዚህ እንኳን እኩል ሆንን።

አልሆንንም። እኔ በዘበኝነት የምሠራበት የገበሬዎች ማህበር አንድ የኮምፒውተር ሰው ሊቀጥር ነው ተባለ። ቦታው አንድ ነው። ሁለቱም ተፈተኑ፣ የሱ ልጅ ለሙከራ ገባች። የኔ ልጅ ቤት ቀረች። የኛ አገር ልጅ ሥራ ካጣ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ዓረብ አገር ነው። ልጄም ፓስፖርቷን አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች፤ ደላላውም በየገበያው ቀን በራችን ላይ ሰላም እያለ ማለፍ ጀመረ። ለዘበኛ ልጅ ሰላምታ ያበዛ ደላላ ምን እንደሚፈልግ ማንም አይጠፋውም።

እና እኔ በየጠዋቱ የማህበሩን በር የምከፍተው ለማን ነው? ለጎረቤቴ ልጅ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ክፉ ነገር የለባትም። ግን ያንን በር ስከፍትላት ክንዴ ይከብደኝ ነበር። ምነው የኔዋ በገባችበት እላለሁ። ወንበሩን በመስኮት አየዋለሁ፤ ጥቁር፣ የሚሽከረከር ወንበር ነው። የኔ ልጅ ብትቀመጥበት ያምርባት ነበር።

ማህበሩ ቆቦ ላይ ትልቁን መጋዘን ይዟል፣ ሮቢትና ዋጃ ላይ ደግሞ ትንንሽ መጋዘኖች አሉት። እህሉም ሽንኩርቱም በየቦታው እየተመዘነ ይገባል፣ ሒሳቡ ግን ቆቦ አንድ ቦታ መሆን አለበት ተባለና ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ተገዛ። ክፍል ተሰጠው፣ በቆቦ ሙቀት እንዳይቃጠል ቬንትሌተርም ተገጠመለት፤ እኔን በር ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ እሱ ነፋስ ይነፋለታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሮቢት ያለው የንብረት ክፍል ሠራተኛ እዚያው ሮቢት ተቀምጦ የቆቦውን ኮምፒውተር ፊቱ እንዳለ አድርጎ ከፍቶ ይሠራበታል። ሪሞት ይሉታል። አላመንኩም ነበር፣ ኋላ በዓይኔ አየሁት።

ታዲያ ሥራው ሊጀመር ሲል ከደሴ የመጣ ባለሙያ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ መስመር ክፍት ነው። የይለፍ ቃላችሁን መንገድ ላይ የፈለገ ያነበዋል። ሰርተፍኬት ይግባለት፣ ሰርተፍኬት የሌለውን እንዳይቀበል አድርጉት፤ ያለዚያ እንዳትጀምሩ» ብሎ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ የጎረቤቴን ልጅ ጠራት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ይኼን ካሳካሽ ቋሚ ትሆኛለሽ» አላት። «ካቃተሽ ግን፣ አዝናለሁ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሌላ ሰው የምትለዋ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ሌላ ሰው ማን አለ? የኔ ልጅ አለች! እንደገባሁ ጠየቅኋት።

«ሰርተፍኬት ምንድን ነው? እናንተ ስትመረቁ የሰጧችሁ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው አይደል እንዴ? ኮምፒውተርም ይመረቃል?»

ሳቀች። «አባዬ፣ ከብት ገበያ የማታውቀው ሰው በሬ ሊሸጥልህ ቢመጣ ምን ትለዋለህ?»

«የሚያውቅህ ሰው አምጣ እለዋለኋ! በሬው የሱ መሆኑን የሚመሰክር። ሌባ ቢሆንስ?»

«ኮምፒውተሩም እንደዚያ ነው። የሮቢቱ የይለፍ ቃሉን ከመናገሩ በፊት፣ የምታናግረኝ አንተ እውነት የቆቦው ነህ ወይ? ብሎ ይጠይቃል። የቆቦው ሰርተፍኬቱን ያሳየዋል። ከተማመኑ በኋላ ወሬያቸውን ቆልፈው ያወራሉ፤ መሀል መንገድ ላይ የሚሰማቸው የለም።»

«አንቺ ይኼን መሥራት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ!»

«እሷም ትችላለች አባዬ» አለች።

በማግስቱ የጎረቤቴ ልጅ ሰርተፍኬቱን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሠራች። አሁን የሮቢቱ ኮምፒውተር እንዲያውቀው እዚያ ሄዶ መግባት አለበት፤ በመስመሩ እንዳይላክ፣ መስመሩ ራሱ ገና ያልታመነ ነው። በፍላሽ ተቀድቶ ሰው ይውሰደው ተባለ። ሰው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ፍላሹን ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ በነካሁት ቁጥር የጎረቤቴ ልጅ እንጀራ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል እላለሁ። በመስኮት ወርውረው የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም ብል ማን ያምነኛል? አልወረወርኩትም። ዘበኛ ነኝ፤ አድርስ የተባልኩትን አደርሳለሁ። ግን እንዳይሠራ ተመኘሁ። መመኘት ደግሞ የራሴ ነው፤ ማንም ደሞዝ አይከፍለኝበትም።

የሮቢቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። ፍላሹን ሰካ፣ የጎረቤቴ ልጅ በስልክ እንደነገረችው አደረገ፣ ነካ ነካ አደረገና ስክሪኑ ላይ ቀይ ነገር ወጣ።

«እምቢ ብሏል፣ ቀይ ነው» አላት በስልክ።

«አላውቀውም ብሎ ነው የሚሆነው፣ በደንብ አልገባም ማለት ነው። እንደገና ልሥራው» ስትል ድምጿ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

ስልኩን ዘጋና ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ጉድ እኮ ነው። ዛሬ ጠዋት የተሠራ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል ይለኛል። እንደ ሱቅ ብስኩት!»

ሳቅን። እኔ ከሱ በላይ ሳቅሁ።

እንደገና ሠራች፣ እንደገና ወሰድኩ፣ እንደገና ቀይ። የዋጃውም ሌላ ሰው ወስዶለት እንዲሁ እምቢ አለ። የሚገርመው ቆቦ ላይ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስታየው ምንም ችግር የለበትም፤ አረንጓዴ ነው። ልጅቷ ዓይኗ ቀላ፣ ምሳ መብላት ተወች። በሩን ስከፍትላት «እንደምን አደሩ ጋሼ» ማለቷን ግን አልተወችም። ይኼም አናደደኝ፤ ብትረሳ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ለሒሳብ ሹሙ ሲነግረው ሰማሁ፤ «እስከ ቅዳሜ አያታለሁ፣ ከዚያ በቃ።»

ሮጥኩ ብል ዕድሜዬ ያሳፍረኛል፣ ግን ቤቴ የደረስኩት ከወትሮው ቀድሜ ነው። ልጄ ጥላው ሥር ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች።

«ልትወድቅ ነው!» አልኩ ገና አጥሩን ሳልፍ።

«ማን?»

«ማን ትያለሽ? የዚያ ሰውዬ ልጅ ናታ! እስከ ቅዳሜ ነው። ተነሺ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደሽ እኔ እሠራዋለሁ በዪው።»

«ምን ሆነባት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰርተፍኬቷ ተበላሽቷል። የሮቢቱ ሰውዬ እንዴት እንዳሳቀኝ! ጠዋት የሠራችው ገና እጁ ሳይደርስ ጊዜው አልፎበታል አለው። ምን ዓይነት ሰርተፍኬት ነው፣ ወተት ነው እንዴ?»

ሰፌዱን አስቀመጠችው። «ቆይ። ጊዜው አልፎበታል ነው ያለው? አላውቀውም አላለም?»

«አልፎበታል። በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ለሷ ነግሯታል?»

«ቀይ ነው አላት። የቀረውን ለኔ ነው የነገረኝ።»

ልጄ ሳቀች። የደስታ ሳቅ ነው። «አባዬ፣ ሒሳብ ሹሙ ደረሰኝ ሲያትም ዓመቱ በኛ ነው የሚወጣው በፈረንጅ?»

«በኛ ነዋ። በፈረንጅ የወጣ ደረሰኝ ማን ይቀበለዋል?»

«በቃ፣ እሱ ነው» አለች። «ደረሰኙ በኛ እንዲወጣለት ብሎ የሰርቨሩን ቀን በኛ ዓመት ሞልቶታል። እሷ ሰርተፍኬቱን ስትሠራ ሰርቨሩ የተሠራበትን ቀን ከራሱ ይወስዳል፤ ለአንድ ዓመት ያገለግላል ብሎ ይጽፋል። የሮቢቱ ግን ቀኑ በፈረንጅ ነው፤ ለሱ ይኼ ሰርተፍኬት ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተሠራ፣ ጊዜው ያለፈበት ነው። እሷ ደግሞ ብታየውም አይታያትም፤ ዓመቱ የኛው ዓመት ነው፣ ለኛ ዓይን ልክ ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አወቀችው፣ የዚያኛው ልጅ አላወቀችውም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጣመችኝ የለችም።

«ተነሺ እንግዲህ! ሥራ አስኪያጁ ሳይወጣ!»

እሷ ግን ስልኳን አነሳች።

«ለማን ነው?»

«ለሷ።»

«ለማን?» አልኩ ደግሜ። «አብደሻል? ተዪ! ቅዳሜ ሩቅ አይደለም፣ ዝም በዪ ብቻ። ዝም ማለት ኃጢአት ነው እንዴ? ወንበሩ እኮ ያንቺ ነው!»

«ወንበሩ የኔ አይደለም አባዬ።»

«ዓረብ አገር ሄደሽ የሰው ልብስ ከምታጥቢ ነው የምልሽ!»

ይኼን ስል ጮኼ ነበር፤ ጎረቤቴ አጥሩ ማዶ ሆኖ ሳይሰማ አልቀረም። ልጄ ስልኩን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ስማኝ» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ብትወድቅ እኔን የሚቀጥሩኝ ይመስልሃል? አንዷን አየናት፣ ሴት አይሆንላትም ይሉና ከደሴ ወንድ ያመጣሉ። ያኔ ሁለታችንም በአንድ ሚኒባስ ነው የምንሄደው። ደግሞም ወልድያ እኔ በወባ የወደቅሁ ጊዜ ኩባያ ይዛ ያደረችው እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም።»

ደወለች። «ሰዓቱን እዪው፣ ዓመቱን እዪው!» ስትል ከወዲያ በኩል የተሰማው ጩኸት ከስልኩ አልፎ ዶሮዎቹን አስደነገጠ። እኔ ተነስቼ ወደ ማሳዬ ሄድኩ። ጎረቤቴም ማሳው ላይ ነበር፤ ቦዩን እየጠረገ ያፏጫል። ፉጨት ያምርበታል፣ እሱም አንዱ የምቀናበት ነገር ነው።

በማግስቱ ልጄ ከኔ ጋር መጣች። በሩን ስከፍት ያችኛዋ ሮጣ ወጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ተያይዘው ገቡ። ሰርቨሩን ወደ ፈረንጅ ቀን መለሱት፣ ያረጀውን ሰርተፍኬት አጠፉ፣ አዲስ ሠሩ። እኔ አግዳሚዬ ላይ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። ወንበሩ ላይ ልጄ ተቀምጣለች፤ ያችኛዋ ከጀርባዋ ቆማ ታሳያታለች። እንዳልኩት ያምርባታል። ብዙ ግን አልቆየችበትም፤ ተነስታ ለወንበሩ ባለቤት ለቀቀችላት።

ወዲያው ሒሳብ ሹሙ ጮኸ። ከዋጃ የመጣ አንድ ገበሬ ደረሰኙን እያወዛወዘ ቆሟል።

«ይኼ ዓመት ገና አልመጣም እኮ!» ይላል። «ሽንኩርቴን ዛሬ ተቀብላችሁ ብሬን ስምንት ዓመት ልጠብቅ ነው?»

«የፈረንጅ ነው አባቴ፣ ስሙኝ እስቲ።»

«እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

ሒሳብ ሹሙ በብዕር ሰርዞ በኛ ቀን ጽፎ ማህተም አደረገበት። እስከ ዛሬም እንዲያ ነው የሚሠራው፤ ልጃገረዶቹን በክፉ ዓይን ነው የሚያያቸው።

ፍላሹን እንደገና ማተቤ ላይ አሰርኩ። ሮቢት ስደርስ ሰውዬው ሰካው፣ ነካካ፣ ቀይ አልመጣም። ስክሪኑ ጠቆር አለና የቆቦው መጋዘን ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ማሽላው በማሽላነቱ፣ ሽንኩርቱ በሽንኩርትነቱ ተጽፏል።

«ተከፈተ! ጋሼ፣ ተከፈተ እኮ!»

«አየሁት» አልኩ። እልል አላልኩም።

ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ለጎረቤቴ ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲያመሰግናት ደረስኩ። እሷ እጁን ጨብጣ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ያገኘችው እሷ ናት» አለች ልጄን እያሳየች። «እኔ ብቻዬን ብሆን እስከ ዛሬም አላየውም ነበር።»

ሁሉም ፊት ነው ያለችው። ለምን ተናገረች? ብትደብቀው ኖሮ ዕድሜ ልኬን እረግማት ነበር፣ ልቤም ያርፍ ነበር። ያንንም ነሳችኝ። ሰው እንዴት በፀባይ እንኳ ይበለጣል?

ሥራ አስኪያጁ ልጄን አያትና «ሮቢት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገኛል፤ ኮምፒውተሩን የሚከፍት፣ እህል የሚመዘግብ። የባለሙያ ቦታ አይደለም፣ ተጠሪነትሽ ለሷ ነው» አላት። «ላስብበት» አለችው ልጄ። ለሷ ተጠሪ! የኔ ልጅ ለሱ ልጅ ተጠሪ! የሳጥኗን ቁልፍ በዓይኔ ስፈልግ ሰነበትኩ። ፓስፖርቱ እዚያው ነው። ደላላውም ሐሙስ መጥቶ ሰላምታውን አርዝሞ ሄደ። ሂጂ እንዳልላት ልጄ ናት፤ ሮቢት ግቢ እንዳልላት የሱ ልጅ አለቃዋ ናት።

እሁድ ጎረቤቴ ፍየል አርዶ ሰፈሩን ጠራ። ልጁ ቋሚ ሆነችለት። እምቢ ብል ሰው ይታዘበኛል፣ ሄድኩ። ጠላው ጥሩ ነበር፤ ከኛ ቤት ጠላ ይሻላል፤ እሱንም ልጻፈው። ከተበላ በኋላ እኛ አገር እንደሚደረገው በዕድሜ ትልቁ ይመርቅ ተባለ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከኔ የሚበልጥ አልነበረም።

ልጅቷ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። የሰጠሁትን ሁሉ አሜን ልትለኝ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። እኛ ዘንድ ምርቃት ከአፍ ብቻ ከወጣ ውሃ ነው ይባላል፤ ከልብ መውጣት አለበት። ልቤን ፈለግሁት፤ ልቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«እደጊ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ እንጀራሽ ይባረክ» አልኩና አበቃሁ።

«አሜን» አለ ሰዉ፤ ሌላ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

«ይኸው ነው?» አለ ጎረቤቴ። «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው በሬህን እንኳ ስትመርቀው እኮ ጀንበር ጠልቃብናለች!»

ሰዉ ሳቀ።

«የተረፈውን ለልጄ አስቀምጬዋለሁ» አልኩት። «አንተ ቤት ሁሉ ሞልቶልሃል።»

ሳቁ ቆመ። አልተጸጸትኩም፤ የተናገርኩት እውነት ነው። ልጄ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና እዚያው ከጓደኛዋ ጎን ተንበረከከች፤ ትከሻ ለትከሻ።

«ጨምርላት አባዬ» አለች። «ሰኞ ሮቢት ወስዳ ሥራ የምታስጀምረኝ እሷ ናት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። «ሰኞ?»

«ሰኞ። ለደላላው ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በራችን አያልፍም።»

የጠላ ዕቃውን አስቀመጥኩት። ከዚያ የሁለቱም አንገት ላይ አንድ አንድ እጄን ጫንኩና ጀመርኩ። እግራችሁን ዕንቅፋት አይምታው አልኩ። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ፣ የሮቢትን መንገድ፣ የዋጃን መንገድ። የሠራችሁት አይበላሽ፣ የዘጋችሁትን ክፉ ሰው አይክፈተው። ከቀን ጎዶሎ ይጠብቃችሁ፤ በኛም ቢቆጠር በፈረንጅ። ሰዉ አሜን ሲል ጉሮሮው ደረቀ። ጎረቤቴ በመጨረሻ «በቃ፣ በቃ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ» አለኝ፤ እኔ ግን የጀመርኩትን አልተውም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን አብረው ሚኒባስ ሲሳፈሩ አየኋቸው። የሱ ልጅ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የኔዋ ከኋላ።